በፕሮጀክት መከታተያ ሶፍትዌር ላይ ትልልቅ ግቦችንና የዕለት ሥራዎችን እንዴት እንለያቸው?

ጥያቄ
ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቢሮ ተከራይተን የምንሠራ ስድስት ሰዎች ነን። ለጅምላ ነጋዴዎች የመጋዘንና የሽያጭ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንሠራለን፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ ፋብሪካ የመለዋወጫ ዕቃዎች መዝገብ እያዘጋጀን ነው። ቀድሞ ሥራችንን የምንከታተለው በቴሌግራም ግሩፕና በአንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነበር። ደንበኛ ሲጨምር ማን ምን እንደያዘ መለየት ስላቃተን፣ እስከ 10 ተጠቃሚ ድረስ ያለ ክፍያ የሚፈቅደውን ጂራ የተባለ የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር መጠቀም ጀመርን።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ዝርዝራችን ላይ 240 ያህል ያልተዘጉ ሥራዎች ተመዝግበዋል። «የደረሰኝ ማተሚያው ቁልፍ በስልክ ላይ አይታይም» የሚለው የአንድ ሰዓት ሥራና «ፋብሪካው የዓመት መዝጊያ ቆጠራውን በእኛ ፕሮግራም እንዲያካሂድ ማድረግ» የሚለው የወራት ሥራ በአንድ ዓይነት ካርድ፣ በአንድ ረድፍ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጠዋት ተሰብስበን ዝርዝሩን ስንከፍት የሁላችንም ዓይን ወደ ትንሹ ሥራ ይሄዳል፤ ትንሹ ቶሎ ያልቃልና። ሳምንቱ ሲያበቃ 15 ያህል ካርድ ዘግተን እንገኛለን፤ ቆጠራው ግን ባለበት ነው።

ይህን ለማስተካከል ሁለት መንገድ ሞክረናል። በመጀመሪያ «መጋዘን»፣ «ሽያጭ»፣ «ሪፖርት» እና «የተጠቃሚ ፈቃድ» የሚሉ አራት ኤፒኮች (ኤፒክ በጂራ ከሥሩ ሌሎች ሥራዎችን የሚይዝ ትልቅ ካርድ ነው) ከፍተን እያንዳንዱን ካርድ ከአንዱ ሥር አስገባነው። ስምንት ወር አለፈ፤ አንዱም አልተዘጋም። እንዲያውም በታኅሣሥ 70 በመቶ ደርሶ የነበረው «መጋዘን» በመጋቢት 55 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ስክሪኑን አይተው «ሥራው ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄደው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ቀጥለን ሥራዎቹን እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ወደሚወርዱ ንዑስ ሥራዎች ቆራረጥናቸው። ይህ ደግሞ ባልደረቦቼ ኮድ በመጻፍ ፈንታ ካርድ ሲያንቀሳቅሱ እንዲውሉ አደረጋቸው።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው እንግዲህ ይህንን ነው። «ትልቅ ግብ» ተብሎ ከሥሩ ሌሎች ሥራዎችን እንዲይዝ የሚገባው ነገር የትኛው ነው? ከሥሩስ ስንት ደረጃ መውረድ ይበቃል? ደግሞም ከየትኛውም ግብ ጋር የማይያያዙት፣ በየቀኑ ከነጋዴዎች በስልክ የሚመጡት ጥቃቅን ጥያቄዎች ወዴት ይግቡ? በተግባር የሞከረ ሰው ቢመልስልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።


መልስ 1
ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ውድ ጦሳ ግርጌ፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ስለተቸገርሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ችግራችሁ ከሶፍትዌሩ የመጣ አይመስለኝም። ኤፒክ ብላችሁ የከፈታችኋቸው አራቱም ነገሮች ቦታዎች እንጂ ግቦች አይደሉም።

ደሴ ስላላችሁ በሰኞ ገበያ ላስረዳ። እንደማንኛውም ገበያ ጤፍ የሚሸጥበት ተራ አለ፣ በርበሬ የሚሸጥበት አለ፣ በግ የሚሸጥበት አለ። ተራዎቹ ዛሬም አሉ፣ ለከርሞም ይኖራሉ፤ «ጤፍ ተራ ተፈጸመ» የሚል ሰው ሰምተን አናውቅም። ልጁን የሚድር ሰው ግን ከአንዱ ተራ ጤፍ፣ ከሌላው በርበሬ፣ ከሌላው በግ ገዝቶ ይሄዳል። ድግሱ ቀን አለው፣ ተጋባዥ አለው፣ እንግዳው በልቶ መርቆ ሲወጣ ያበቃል። እናንተ «መጋዘን» ያላችሁት ተራ ነው። «ፋብሪካው የዓመት መዝጊያ ቆጠራውን በእኛ ፕሮግራም ማካሄድ» የሚለው ደግሞ ድግስ ነው፤ እሱን ከካርዶቹ መካከል እንደ አንድ ተራ ሥራ ጥላችሁት፣ ተራውን ከላይ አስቀመጣችሁት። ኤፒክ መሆን የነበረበት ድግሱ ነው።

የመቶኛው ወደ ኋላ መሄድም ከዚሁ የመጣ ነው። ፕሮግራሙ በሰዎች እጅ እስካለ ድረስ «መጋዘን» ውስጥ አዲስ ጥያቄ መጨመሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለው የሥራ ብዛት እያደገ ይሄዳል፣ የተዘጋው ድርሻ ደግሞ በዚያው ልክ ያንሳል። ማንም አልሰነፈም፤ ማለቂያ የሌለውን ነገር በመቶኛ ለመለካት ስለተሞከረ ነው።

ይህ ልዩነት በጂራ ላይ በተለይ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በጂራ አንድ ሥራ ሊኖረው የሚችለው ወላጅ ኤፒክ አንድ ብቻ ነው። ያቺን አንዲት ቦታ «ሥራው በፕሮግራሙ ውስጥ የት ይገኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ካዋላችኋት፣ «ሥራው ለምን ይሠራል?» ለሚለው የሚቀር ቦታ የላችሁም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ኮምፖነንት (የፕሮግራሙ ክፍል ስም) ወይም ሌብል (በካርዱ ላይ የሚለጠፍ መለያ ቃል) በሚገባ ይመልሰዋል፤ አንድ ካርድ ሁለትና ሦስት ኮምፖነንት ወይም ሌብል ሊሸከም ይችላልና። ስለዚህ «መጋዘን»፣ «ሽያጭ»፣ «ሪፖርት» እና «የተጠቃሚ ፈቃድ» የሚሉትን ወደ ኮምፖነንት አዛውሯቸው። ስለ መጋዘን ያለውን ሁሉ ማየት ስትፈልጉ በማጣሪያ ታገኙታላችሁ፤ የሚጠፋባችሁ ነገር የለም።

ለግብ የሚሆነውን ነገር የምለየው እንዲህ ነው፤ ስሙን በአንድ ቃል መጻፍ ከቻልሁ እጠራጠረዋለሁ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካስፈለገኝ ግብ የመሆን ዕድል አለው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድ ሰው መኖር አለበት፣ ያ ሰው ዛሬ የማይችለውን ያን ጊዜ ምን እንደሚችል መነገር አለበት። «የመጋዘን ኃላፊው ሙሉ ቆጠራውን ያለ ወረቀት መዝግቦ የልዩነት ሪፖርቱን ለሒሳብ ክፍል ያስረክባል» ብላችሁ ብትጽፉ፣ መቼ እንዳለቀ ለመፍረድ እናንተ አታስፈልጉም፤ የሒሳብ ክፍሉ ሪፖርቱን ተቀበለ ወይም አልተቀበለም። ከዚያ በታች የመዝጊያ ቅድመ ሁኔታዎችን በሦስት ወይም በአራት መስመር ጻፉ። ከአራት መስመር ካለፈ ምናልባት ሁለት ግብ በአንድ ስም ይዛችኋል።

አንድ ሥራ ለሁለት ግቦች ሲያስፈልግ ብዙ ሰው ይጨነቃል። እኔ የማደርገው ቀድሞ ከሚፈልገው ግብ ሥር አስገብቶ፣ ሁለተኛውን «ይህ ሥራ ያግደዋል» በሚለው ማያያዣ ማገናኘት ነው። ኮድ በሚቀመጥበት በጊትሃብም ብትሆኑ አንድ ሥራ የሚገባው በአንድ ማይልስቶን (ሥራዎች በሚሰበሰቡበት የግብ ምዕራፍ) ብቻ ስለሆነ ያው ነው። ሌላው የሥራ መከታተያ፣ አሳና፣ ግን አንዱን ሥራ በብዙ ፕሮጀክቶች ውስጥ ማስገባት ይፈቅዳል፤ እዚያ ይህ ጭንቀት የለም፤ በአንጻሩ የሥራው ባለቤት የትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ ይደበዝዛል።

ከነጋዴዎች በስልክ የሚመጡትን በተመለከተ፣ እባካችሁ «ልዩ ልዩ» የሚል ኤፒክ አትክፈቱ። ወላጅ ሳይኖራቸው ይቀመጡ። ወላጅ አልባ ሥራ መኖሩ የዝርዝሩ ጉድለት አይደለም፤ ሳምንታችሁ በምን እንዳለፈ የሚነግራችሁ ትክክለኛ መረጃ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ከዘጋችኋቸው 15 ካርዶች 12ቱ ወላጅ አልባ ከሆኑ፣ ቆጠራው ለምን ባለበት እንደቆመ መልሱን ያኔ ቁጥሩ ራሱ ይሰጣችኋል።

በመጨረሻም ስለ 240ው። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ማረጋገጫውን ያሳተመው አንድ ቀላል ሕግ አለ፤ የሚገባውና የሚወጣው ሥራ በተቀራረበ መጠን ሲሄድ፣ በወረፋ ላይ ያለው ብዛት በየሳምንቱ ለሚወጣው ሲካፈል አንድ ሥራ በአማካይ የሚቆይበትን ጊዜ ይሰጣል። 240 ለ15 ሲካፈል 16 ሳምንት ነው። ዛሬ ስልክ የደወለ ነጋዴ በአማካይ አራት ወር ይጠብቃል ማለት ነው። ሰው በመጨመር ይህን ማሳጠር ከባድ ነው፤ ዝርዝሩን በማሳጠር ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቻላል። ከስድስት ወር በላይ ማንም ያልነካቸውንና ማንም ያልጠየቃቸውን ዝጓቸው። የሚያስፈልግ ከሆነ ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣል። ግቦችንም ለስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ክፍት አታድርጉ። ሦስተኛውን የሚጨምር ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል።


መልስ 2
ሆጤ (ደሴ)

በቦርከና ሐሳብ በአብዛኛው እስማማለሁ። ስለ ደረጃዎቹ ጥልቀት ግን የተነገረ ስለሌለ እሱን ልጨምር።

ሦስት ደረጃ ይበቃችኋል፤ ግብ፣ ሥራ፣ ንዑስ ሥራ። ጂራ ራሱ ከንዑስ ሥራ በታች ሌላ ንዑስ ሥራ አይፈቅድም፤ ይህን ክልከላ ጥሩ ምክር አድርጋችሁ ውሰዱት። ሦስተኛውንም ደረጃ የምጠቀመው ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንዱን ሥራ ሲከፋፈሉት ብቻ ነው። አንድ ሰው የሚሠራው ከሆነ እርምጃዎቹን በካርዱ ውስጥ እንደ ማረጋገጫ ዝርዝር ይጻፋቸው፤ ማንም ቢሮ ውስጥ «ሦስተኛው እርምጃ ላይ ደርሻለሁ» የሚል ሪፖርት አይጠይቀውም። መካከለኛው ደረጃ፣ ማለትም ሥራው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ የሚያልቅ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ካነሰ መዝጋቢነቱ ይበዛል፤ ከዚያ ከበለጠ ደግሞ ባለቤቱ አርብ ዕለት የሚያሳየው ነገር ያጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ግቡን ስንከፋፍል ነው። «ዳታቤዙን ማዘጋጀት»፣ «ፎርሙን መሥራት»፣ «ሪፖርቱን መሥራት» ብለን በንብርብር እንቆርጠዋለን፤ ሦስቱም ካላለቁ ደንበኛው የሚያየው ነገር የለም። እንጀራን ስንቆርስ ከላይ እስከ ታች ነው እንጂ ዓይኑን ለብቻ ገፈን አንበላም። «ኃላፊው በአንድ መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ ቆጥሮ ይመዘግባል፣ ልዩነቱንም ያያል» የሚለው ቁራሽ ዳታቤዙንም፣ ፎርሙንም፣ ሪፖርቱንም ትንሽ ትንሽ ይነካል፤ ሲያልቅ ግን ለሰው ይታያል። ቀጣዩ ቁራሽ መላውን መጋዘን ይሸፍን።

በአንድ ነገር ብቻ ከቦርከና እለያለሁ። ከነጋዴዎች የሚመጡ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ከሆኑ ሁልጊዜ ወላጅ አልባ ሆነው መቅረት የለባቸውም። በአንድ ወር ውስጥ ስለ ደረሰኝ ህትመት 20 ጊዜ ከተደወለላችሁ፣ «በዚህ ሩብ ዓመት ስለ ደረሰኝ የሚደወል ስልክ ከ20 ወደ 3 ይወርዳል» ብላችሁ ብትከፍቱት መለኪያም ማለቂያም ስላለው ራሱን የቻለ ግብ ነው።


መልስ 3
የጥገና ዕቅድ (ኮምቦልቻ)

ወንድሞቼ፣ እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ አይደለሁም። በአንድ ፋብሪካ የጥገና ሥራ ዕቅድ አዘጋጅ ነኝ፤ ጥያቄው ውስጥ የመለዋወጫ መጋዘን ስለተነሳ ከተጠቃሚው ወገን የማውቀውን ልናገር። እኛ የምንጠቀመው ሬድማይን የተባለውን የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ነው። ነፃና ክፍት ስለሆነ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥም እዚያው ቢሮ ባለው ሰርቨር ላይ መሥራቱን ስለማያቆም መረጥነው።

ቦርከና ተራና ድግስ ያለውን ልዩነት እኛ ጋ በየቀኑ እናየዋለን። ቅባት መቀባት፣ ማጥበቅ፣ ማጽዳት ማለቂያ የላቸውም፤ ማሽኑ እስካለ ድረስ ይደጋገማሉ። እነዚህን በየጊዜው ራሳቸውን እንዲደግሙ አድርገን ለየብቻ እናስቀምጣቸዋለን። የቦይለር ሙሉ እድሳት ግን ፋብሪካው የሚቆምበት ቀን የተቆረጠለት፣ ሲያልቅም እንፋሎቱ ሲነሳ ሁሉም የሚያውቀው ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ስንይዝ በነበረበት ጊዜ ዕለታዊው ሥራ እድሳቱን ይውጠው ነበር፤ ልክ እናንተ እንዳላችሁት።

ስለ መቶኛው ግን ከዚህ በላይ የምለው አለ። በሬድማይን ንዑስ ሥራዎች ያሉት ወላጅ ሥራ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር፣ የመነሻና የማብቂያ ቀኑን፣ ቅድሚያውንና የአፈጻጸም መቶኛውን ከልጆቹ ይወስዳል፤ መቶኛውም የሚሰላው ለእያንዳንዱ ልጅ በተገመተው ሰዓት ተመዝኖ ነው። እንግዲህ 2 ሰዓት የተገመተለት ሥራና 40 ሰዓት የተገመተለት ሥራ እኩል አይናገሩም፤ ግምቱን ያሳሳተ ሰው መቶኛውንም ያሳስታል። እኔ ለበላይ ኃላፊ መቶኛ ማሳየት ካቆምሁ ቆይቻለሁ። የማቀርበው ከመዝጊያ ቅድመ ሁኔታዎቹ የትኞቹ እንደተሟሉና የትኞቹ እንደቀሩ ብቻ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1958 እ.ኤ.አ. ለፖላሪስ ሚሳይል ፕሮግራም ያዘጋጀው ፐርት የተባለው የዕቅድ ዘዴም መሠረት ያደረገው ክንውኖችን ነበር፤ አንድ ክንውን ደግሞ ወይ ደርሷል ወይ አልደረሰም፤ 55 በመቶ የደረሰ ክንውን የለም። ሥራ አስኪያጁ «ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄደው?» ብለው ሲጠይቁ ከልብ ነው የጠየቁት፤ የተሰጣቸው ቁጥር ያንን የሚያስጠይቅ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የግቡ ልጆች በሙሉ ተዘግተው ግቡ ያልተሳካበትን ቀን አይቻለሁ። የመለዋወጫ መዝገብ ሲሠራልን ባለሙያዎቹ «ዕቃ በስም መፈለግ» የሚለውን ሥራ ሠርተው፣ ፈትነው፣ ዘጉት። ካርዱ ላይ ምንም ስህተት አልነበረም። የመጋዘን ሠራተኛው ግን ፍለጋው ላይ «ኩሽኔታ» ብሎ ሲጽፍ ምንም አይወጣለትም፤ መዝገቡ ውስጥ ያለው «ቤሪንግ» ነውና። «ቺንጋ» ሲል አይወጣም፤ መዝገቡ «ቤልት» ይላል። መካኒኩ ደግሞ መስኮቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሠራተኛው ሁለት ቀን ታግሎ ወደ ደብተሩ ተመለሰ። በሶፍትዌሩ ዝርዝር ላይ ግን ግቡ 100 በመቶ ተጠናቋል ይላል።

በዕቅድ ሥራ የታወቀ አንድ መርህ አለ፤ ከአንድ ወላጅ ሥር ያሉት ክፍሎች ተደምረው የወላጁን ሥራ 100 በመቶ ሊሸፍኑ ይገባል፣ ከዚያ ሊያንሱም ሊተርፉም አይገባም ይላል። የኩሽኔታው ታሪክ መርሁን አያፈርሰውም፤ «ሠራተኛው በሚጠራበት ስም ሁሉ መመዝገብ» የሚል አንድ ልጅ ጎድሎ ነበር። ጉድለቱን ከቢሮ ሆኖ ማየት የሚችል ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛው፣ ልጆቹ ሁሉ ሲዘጉ ግቡ በራሱ እንዲዘጋ አታድርጉ፤ ግቡን የሚዘጋው የመዝጊያ ቅድመ ሁኔታውን ከቦታው ሄዶ ያየ ሰው ይሁን። ሁለተኛው፣ ቅድመ ሁኔታውን ስትጽፉ የመጋዘን ኃላፊው አጠገባችሁ ይቀመጥ። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለመምጣት ግማሽ ቀን ይጠፋል ብላችሁ አትሳሱ።


ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጻፋችሁልኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ዝርዝሩን አብረን አንብበን 96 ካርዶችን ዘጋን። ጥያቄያቸው እንደሚዘጋ ከጻፍንላቸው ነጋዴዎች አራት ብቻ ተመልሰው ጠየቁን፤ አራቱን መልሰን ከፈትናቸው። አራቱን የቀድሞ ኤፒኮች ወደ ኮምፖነንት ቀየርናቸው። አሁን ክፍት ያሉን ግቦች ሁለት ናቸው፤ የፋብሪካው ቆጠራና ሆጤ ባቀረበው መንገድ የተጻፈው የደረሰኝ ስልክ ጉዳይ። የጠዋቱ ስብሰባም መልኩን ቀየረ፤ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ትተን፣ በመጀመሪያ «ለቆጠራው ትናንት ምን ተደረገ?» ብለን እንጠይቃለን። በሁለተኛው ሳምንት ከዘጋናቸው 14 ካርዶች 6ቱ የቆጠራው ነበሩ። ቀድሞ ይህን ማወቅ እንኳ አንችልም ነበር።

የእህታችንን የ«ጥገና ዕቅድ»ን ምክር ተከትለንም ወደ ፋብሪካው ሄደን ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ተቀመጥን። እኛ ከጻፍናቸው አራት ቅድመ ሁኔታዎች አንዱን ሰረዙት፤ ያላሰብነውን ሌላ አንድ ጨመሩ፤ ቆጠራው በሚካሄድበት ቀን መብራት ቢጠፋ የተቆጠረው እንዳይጠፋ የሚል ነው። ይህ ብቻውን ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ሥራ ወለደ፤ ቀድመን በማወቃችን ግን እጅግ ደስ ብሎናል።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ጊዜ ነው። ፋብሪካው ቆጠራውን የሚያካሂደው ሰኔ 30 ነው። ከእኛ አንዱ የግቡን ማብቂያ ቀን ሲያስገባ ጁን 30 ብሎ መዝግቦት ነበር፤ ሰኔ ጁን ነው በሚል ነው። ደግሞም ሶፍትዌሩ የሚያሳየን ሩብ ዓመት ደንበኞቻችን ከሚያቅዱበት ሩብ ዓመት ጋር በጭራሽ አይገጥምም። ይህን እንዴት ትይዙታላችሁ?


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ሰኔ 30 ጁላይ 7 ስለሆነ፣ ግባችሁ በአንድ ሳምንት ቀድሞ ተመዝግቦ ነበር ማለት ነው። ያ የሚጎዳ አይመስልም፤ ነገር ግን በሌላ ወር ተመሳሳይ ግምት ቢደረግ ስህተቱ ወደ አሥር ቀን ይጠጋል። መስከረም 30ን ሴፕቴምበር 30 ያለ ሰው የተሳሳተው በአሥር ቀን ነው፤ ትክክለኛው ኦክቶበር 10 ነውና።

እኔ የማደርገው የሶፍትዌሩን የሩብ ዓመት አቆጣጠር ጨርሶ ትቶ፣ ለእያንዳንዱ የበጀት ሩብ ዓመት ራሴ ስም ሰጥቼ መነሻና ማብቂያውን በእጄ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30፣ ማለትም ከጁላይ 8 እስከ ኦክቶበር 10 ነው። ሁለተኛው ከጥቅምት 1 ወይም ኦክቶበር 11 ይጀምራል፤ ሦስተኛው ከጥር 1 ወይም ጃንዋሪ 9፤ አራተኛው ከሚያዝያ 1 ወይም ኤፕሪል 9። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ያሉት ቀኖች በአንድ ቀን ይገፋሉ፤ ይህ የሚመጣው ከ2019 ዓ.ም. ጳጉሜ በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ስለሚጨምር 95 ወይም 96 ቀን ነው፤ የቀሩት ሦስቱ 90 ቀን ናቸው። ሁለት ሩብ ዓመቶችን በሥራ ብዛት ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ።

በጂራ ለዚህ የምጠቀመው ሥራዎችን በአንድ የማብቂያ ቀን ሥር የሚሰበስበውን፣ ቨርዥን የሚባለውን ነው፤ ስሙን «4ኛ ሩብ ዓመት፣ ሚያዝያ – ሰኔ» ብዬ እሰጠዋለሁ። ግቡና ጊዜው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው መቆየት አለባቸው። ሩብ ዓመቱ በቀኑ ያበቃል፤ ግቡ የሚያበቃው ቅድመ ሁኔታው ሲሟላ ነው። ያልተሟላ ግብ ወደ ቀጣዩ ሩብ ዓመት ይዛወራል እንጂ ጊዜው ስላለፈ አይዘጋም።

የማስታወሻ ሰዓትም እንዳያሳስታችሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲያስታውሳችሁ የምትፈልጉትን 3:00 ብላችሁ ብታስገቡ ማስታወሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይደርሳችኋል፤ መግባት ያለበት 9:00 ነው።


የጥገና ዕቅድ (ኮምቦልቻ)

በቀኑ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቆጠራው ሰኔ 30 ነው ማለት ፕሮግራሙ ሰኔ 30 ይድረስ ማለት አይደለም። የዓመት መዝጊያ ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ የሚደርሰውን ግርግር አውቀዋለሁ፤ ሒሳብ ክፍል ይመጣል፣ ኦዲተር ይመጣል፣ ዕቃ ማውጣትና ማስገባት ይቆማል፤ በዚያ ቀን አዲስ ነገር ለመልመድ ጊዜ ያለው ሰው አይገኝም። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ አንድ መደርደሪያ ብቻ በእውነተኛ ዕቃ ይቆጠር። መካኒኮቹ ብሎኑን፣ ኩሽኔታውንና ቺንጋውን በለመዱት ስም ፈልገው ማግኘታቸውም በዚያው ቀን ይታይ። ይህን ራሱን የቻለ የመዝጊያ ቅድመ ሁኔታ አድርጋችሁ ጻፉት።


ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

አምስተኛ ቅድመ ሁኔታ አድርገን ጽፈነዋል። የሙከራ ቆጠራው ሰኔ 15፣ ማለትም ጁን 22 እንዲሆን ከመጋዘን ኃላፊው ጋር በስልክ ተስማምተናል፤ የሚቆጠረውም የኩሽኔታ መደርደሪያ ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው። ቦርከና ግብ ከአራት መስመር አይለፍ ብሎ ስለነበር፣ መብራት ሲጠፋ መረጃ እንዳይጠፋ የሚለውን ለይተን ራሱን የቻለ ግብ አድርገነዋል፤ ለዚያ ቦታ እንዲኖረን የደረሰኙን ጉዳይ እስከ ሐምሌ አቆይተነዋል። ክፍት ያሉን ግቦች አሁንም ሁለት ናቸው።